ጣናን በሉዋ መጻፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው አንድ ነው፦ ብዙ ሰው አብሮ በሚጫወትበት ሰርቨር ላይ የራስን ካርታ በስክሪፕት መሥራት። ጠያቂዎቹ የሚጠቀሙት ሉዋንቲን ነው። ሉዋንቲ በ2010 ማይንቴስት ተብሎ ተጀምሮ በ2024 ስሙ የተቀየረ (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ በነፃ የሚወርድ፣ ዓለሙ ኖድ በሚባሉ ኩቦች የተሠራ ጌም ነው፤ ሞዶቹ፣ ማለትም ጌሙ ላይ የሚጨመሩት ቅጥያዎች፣ የሚጻፉት በሉዋ ቋንቋ ነው። የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል አስፍረናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ አትርሱ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤት ያለው ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ከመጫወት ይልቅ ካርታ መሥራት ነው የሚያምረኝ፤ ግን ኮድ ጽፌ አላውቅም። ሉዋንቲን አውርጄ ስከፍተው ደግሞ ባዶ ሆነብኝ፣ የሚጫወቱት ነገር የለውም። ተበላሽቶ ነው?
*ከቀበሌ 14፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ አልተበላሸም። ከዕትም 5.8 ጀምሮ ሉዋንቲ ሲወርድ ሞተሩ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ድንጋዩን፣ ሣሩን፣ ውሃውን የያዘው ማይንቴስት ጌም ለብቻው ይወርዳል። ኮንቴንት በሚለው ትር ገብተሽ ከኦንላይን ዝርዝሩ አውርጂው። ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ለዚህ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዳታ መሥራት ትችያለሽ። ላፕቶፕሽ ይበቃል። ቅንብር ውስጥ የእይታ ርቀቱ 190 ኖድ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ወደ 60 ወይም 80 ብታወርጂው አሮጌ ማሽንም ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ኮዱ። «ሞድስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈቺ። ስሙ በትናንሽ የላቲን ሆሄያት፣ በቁጥርና በስር ሰረዝ ብቻ ይሁን፤ ክፍት ቦታ፣ ትልቅ ሆሄ ወይም የአማርኛ ፊደል ካለበት ሉዋንቲ አይቀበለውም። ውስጡ ሁለት ፋይል ይኑር። አንደኛው ሞድ.ኮንፍ ነው፤ የሞዱን ስም፣ በሁለተኛው መስመር ደግሞ በማን ላይ እንደሚደገፍ (ዲፔንድስ) ትጽፊበታለሽ። የማይንቴስት ጌምን ድንጋይና ሣር ለመጠቀም «ዲፎልት» በሚለው ሞድ ላይ መደገፍ አለብሽ። ሁለተኛው ኢኒት.ሉዋ ነው፤ ኮዱ የሚኖረው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው የራሱን ኖድ በመሥራት ይጀምራል። እኛ ግን የቻት ትእዛዝ ብትጽፊ እንመርጣለን፦ ትእዛዙን ስትሰጪ ከቆምሽበት ጀምሮ 10 በ10 የሆነ የድንጋይ ወለል የሚያነጥፍ። አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት «ፎር» (ድግግሞሽ) እና በውስጣቸው አንድ «ሴት ኖድ» (አንድ ኖድ የሚያስቀምጠው ትእዛዝ) ይበቃዋል፤ 100 ኖድ ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩን አይከብደውም፣ አንቺም አቅጣጫዎቹን በእጅሽ ትለምጃለሽ። ኤክስ ሲጨምር ወደ ምሥራቅ፣ ዜድ ሲጨምር ወደ ሰሜን፣ ዋይ ሲጨምር ወደ ላይ ነው። ወለሉን ወደ ግድግዳ ለመቀየር ዜድን በዋይ መተካት ብቻ መሆኑን ስታዪ ግማሹን ተምረሻል።

ከዚያ ኖድ ስትሠሪ ሁለት ነገር ያሰናክላል። የኖዱ ስም በሞድሽ ስምና በሁለት ነጥብ መጀመር አለበት፤ ካልጀመረ ሞዱ ሲጫን ይወድቃል። «ግሩፕስ» የሚለውን ካልሞላሽ ደግሞ ኖዱ ይቀመጣል እንጂ አይቆፈርም፤ ለድንጋይ መሰል ነገር «ክራኪ» 3 ስጪው።

ሞዱን ለዓለምሽ ማብራት እንዳትረሺ፤ ዓለሙን መርጠሽ የሞዶች ዝርዝር ውስጥ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ስህተት ሲመጣ ደግሞ ዲበግ.ቲኤክስቲን ከታች ወደ ላይ አንብቢ፤ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር እዚያ አለ። ኮድ በለወጥሽ ቁጥር ከዓለሙ ወጥቶ መግባት ግድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር፦ ሉዋንቲ የሚጠቀመው ሉዋ 5.1ን ወይም ከእሱ ጋር የሚስማማውን ሉዋጂት ነው። ለአዳዲሶቹ የሉዋ ዕትሞች የተጻፈ መማሪያ ላይ ያለው በሁለት እዝባር የሚጻፈው ሙሉ ቁጥር አካፋይ እዚህ የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ በእሱ ፋንታ «ማዝ.ፍሎር» ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ጣናን ከነዳርቻውና ከነደሴቶቹ ሰርቨራችን ላይ ማምጣት እንፈልጋለን። በእጅ መቆፈር ጀምረን ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ደብረ ማርያም እንኳ አልደረስንም። የከፍታ ዳታ በነፃ ይገኛል ሲባል ሰምተናል። እንዴት ነው ወደ ካርታ የሚቀየረው? አንድ ኖድ አንድ ሜትር እንዲሆን ነው የምንፈልገው።
*አራት የፖሊ ተማሪዎች*

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፦ አንድ ኖድ በአንድ ሜትር አይሆንም። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሉዋንቲ ዓለም ከመሃል በየአቅጣጫው ወደ 31 ሺህ ኖድ ብቻ ይሄዳል፤ ከዳር እስከ ዳር 62 ሺህ ማለት ነው። ሐይቁ ብቻውን 84 ሺህ ኖድ ፈልጎ ከዓለሙ ይተርፋል። ደግሞስ ማን ነው ያንን ሁሉ ውሃ የሚቀዝፈው?

አንድ ኖድ በ30 ሜትር ይሁን። ምክንያቱም ዳታው ራሱ በዚያ ልክ ነው የተለካው። በዚህ ልክ ሐይቁ 2,800 በ2,200 ኖድ ገደማ ይሆናል። በጌሙ የተለመደ የእርምጃ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 4 ኖድ፣ የሚጓዝ ሰው ከባሕር ዳር ጎርጎራ ለመድረስ 10 ደቂቃ አይሞላበትም። ለጨዋታ ልክ ነው።

ዳታው ኤስአርቲኤም ይባላል። በየካቲት 2000 (እ.ኤ.አ.) ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በራዳር የለካችው ነው፤ ከናሳ ኧርዝዴታ በነፃ ተመዝግባችሁ ታወርዳላችሁ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ይሸፍናል፣ ስሙም የደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። ሰሜን 11 ምሥራቅ 37 የሚለው ባሕር ዳርን፣ ዘጌንና የሐይቁን ደቡብ ይዟል። ጎርጎራ ያለበት ሰሜኑ ሰሜን 12 ምሥራቅ 37 ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ፋይል ያስፈልጋችኋል። ከዚፑ የወጣው የኤችጂቲ ፋይል መጠን በትክክል 25,934,402 ባይት መሆን አለበት፤ 3,601 በ3,601 ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ 2 ባይት። መጠኑ 2,884,802 ከሆነ የወሰዳችሁት የ90 ሜትሩን ነው። ሌላ ቁጥር ከሆነ ፋይሉ ተቆርጧል፣ እንደገና አውርዱ።

ፋይሉን ሞዱ ሲጫን አንድ ጊዜ አንብቡትና እንደ ጽሑፍ (ስትሪንግ) ያዙት። ወደ ሠንጠረዥ አትገልብጡት፤ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር በሉዋ ሠንጠረዥ ሲገባ ከ100 ሜጋባይት በላይ ራም ይበላል፣ በስትሪንግ ግን 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሲከፈት «አርቢ» በሚለው ሁኔታ ይከፈት። ዊንዶውስ ላይ «አር» ብቻ ካላችሁ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ቁጥሩ 26 የሆነ ባይት ሲያገኝ አለቀ ብሎ ያቆማል፤ ካርታው ከአንድ ቦታ በኋላ የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

አንድ ነጥብ የት እንዳለ ለማግኘት፦ ረድፉ 12 ሲቀነስ ኬክሮስ፣ ሲባዛ በ3,600 ነው። ዓምዱ ኬንትሮስ ሲቀነስ 37፣ ሲባዛ በ3,600 ነው። ባሕር ዳርን 11.60 እና 37.38 ብለን ብንወስድ ረድፍ 1,440፣ ዓምድ 1,368 ይመጣል። በፋይሉ ውስጥ ያለበት ባይት ደግሞ ረድፉን በ3,601 አባዝቶ ዓምዱን ደምሮ፣ ያንን በ2 አባዝቶ 1 መደመር ነው፤ ለባሕር ዳር 10,373,617 ይሆናል። ይህን አስልታችሁ ከስክሪፕታችሁ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ወደ ፊት አትሂዱ።

ሁለቱ ባይት ሲነበቡ የመጀመሪያው ነው የሚከብደው፦ በ256 ተባዝቶ ከሁለተኛው ጋር ይደመራል፣ ውጤቱ 32,768 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 65,536 ይቀነስለታል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ለምሳሌ 1,786 የነበረው −1,530 ሆኖ ይነበባል፤ ጣና ከባሕር ወለል በታች ገባ ማለት ነው። −32,768 የሚል ቁጥር ካገኛችሁ ግን ስህተት አይደለም፤ ራዳሩ ሳያየው የቀረ ባዶ ነጥብ ስለሆነ ከጎረቤቱ ቁጥር ሙሉት።

ባሕር ዳር ኤክስ 0፣ ዜድ 0 ላይ ትሁን። ዓምዱ 1,368 ሲደመር ኤክስ ነው። ረድፉ ግን 1,440 ሲቀነስ ዜድ ነው፤ ፋይሉ የሚጀምረው ከሰሜን፣ ዜድ የሚጨምረው ደግሞ ወደ ሰሜን ስለሆነ። እዚህ ላይ ደመራችሁ ማለት ጎርጎራ ከባሕር ዳር ደቡብ ተቀመጠች፣ ዓባይም ወደ ሰሜን ወጣ ማለት ነው። ረድፉ ከ0 በታች ሲሆን ወደ ሁለተኛው ፋይል ትሻገራላችሁ፣ 3,600 ትደምራላችሁ፤ 3,601 አይደለም፣ ምክንያቱም ድንበሩ ላይ ያለው ረድፍ በሁለቱም ፋይል ውስጥ አለ። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ደግሞ ዓምዱ ከ0 እስከ 3,600 እንዳይወጣ ገድቡት። ያለ ገደብ ዓምድ −1 ስህተት አይሰጣችሁም፤ ዝም ብሎ ከላይ ያለውን ረድፍ የመጨረሻ ቁጥር ያነብና የምሥራቁን ተራራ ምዕራብ ላይ ይተክለዋል። እንዲህ ያለ ስህተት ከሚጮኸው ይብሳል።

ከፍታውን በአንድ ኖድ 5 ሜትር አድርጉት። በአንድ ሜትር ካደረጋችሁት አግድሙ በ30 ስለተጨመቀ እያንዳንዱ ኮረብታ የተሳለ እርሳስ ይመስላል። በ30 ሜትር ካደረጋችሁት ደግሞ ልኩ ትክክል ነው፣ ግን የባሕር ዳር አካባቢ ሜዳ ስለሆነ የቤዛዊት ኮረብታ እንኳ አይታይም። በ5 ሜትር 6 እጥፍ የተጋነነ ቢሆንም ዓይን ይቀበለዋል።

አሁን ውሃው። በዳታው ውስጥ ሐይቁ አንድ ቁጥር ያለው ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ ራዳር ውሃ ውስጥ አያይም። ያንን ቁጥር ከመጽሐፍ አትውሰዱ፤ መጻሕፍቱ በጥቂት ሜትር ይለያያሉ። ከሐይቁ መሃል አንድ ነጥብ አንብባችሁ ያገኛችሁትን ተጠቀሙ፣ እሱን ዋይ 1 አድርጉት። ቀጥሎ ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል የሆነ ሁሉ ውሃ ነው ብትሉ ፎገራ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም አንድ ኖድ የምታክል ኩሬ ልትታይ ትችላለች፤ በአጋጣሚ ከሐይቁ ጋር እኩል የሆነ መሬት ነው። ስምንቱም ጎረቤቶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ውሃ በሉት፣ ከዚያ አንድ ኖድ ወደ ዳር አስፉት።

ጥልቀቱን ራሳችሁ ትፈጥሩታላችሁ። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ በእኛ ልክ 3 ኖድ። ለዳርቻው 1፣ ከመሬት 3 ኖድ ለራቀ 2፣ 10 ኖድ ለራቀ 3 ስጡ። አንዳንዶች «ሐይቅ ነው» ብለው 40 ኖድ ይቆፍሩታል፤ ጣናን ለሚያውቅ ሰው ያስቃል።

ዘጌ ላይ መሬቱ ከጠበቃችሁት ከፍ ብሎ ቢታይ አትደነቁ። ራዳሩ የሚለካው ወደ ዛፉ ጫፍ ተጠግቶ ነው፣ ዘጌ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የቡና ደን ነው። በላዩ ላይ ዛፍ የሚተክል ስክሪፕት ከጨመራችሁ ደኑ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ዛፍ በምትተክሉበት ቦታ መሬቱን 1 ወይም 2 ኖድ ዝቅ አድርጉት።

ዳታው የ2000 ስለሆነ አዲሱን የዓባይ ድልድይ አያውቀውም። 380 ሜትሩ ድልድይ በዚህ ልክ 13 ኖድ ገደማ ነው፤ በእጅ ሥሩት። ገዳማቱንም እንዲሁ፦ ክብ ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ጊዜ ገንብታችሁ ዎርልድኤዲት በሚባለው ሞድ በስኬማቲክ ፋይል አስቀምጡት፣ ከዚያ በ«ፕሌስ ስኬማቲክ» ደሴቶቹ ላይ አኑሩት። በልኩ አይሆንም፣ ከደሴቷ ሊተልቅ ይችላል፤ ግን ክብራን ገብርኤልን ማንም በኖድ ቆጥሮ አይፈልጋትም፣ በጣራዋ ነው የሚለያት።

ጥያቄ፦ የሠራሁት የካርታ ስክሪፕት ብቻዬን ስገባ ደህና ይሠራል። ስምንት ሆነን ስንገባ ግን ሰርቨሩ ላግ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ለብዙ ሰከንድ ይቆማል። ኔትወርኩ ነው ብዬ ራውተር ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጥቁር ጥላ ይታያል።
*ከፔዳ*

መልስ፦ ራውተሩ ንጹሕ ነው። ሉዋንቲ ካርታውን የሚሠራው 80 በ80 በ80 በሆነ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ቁራጭ 512,000 ኖድ ነው። አዲስ ቁራጭ በተሠራ ቁጥር በሚጠራው «ኦን ጄኔሬትድ» ውስጥ እያንዳንዱን ኖድ በ«ሴት ኖድ» እያስቀመጥክ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ያንን እስኪጨርስ የማንንም እርምጃ አያስተናግድም። የሞዶቹ ሉዋ በአንድ ክር ነው የሚሮጠው፤ በር ላይ አንድ ሰው ብቻ የቆመበት ቢሮ ማለት ነው። ብቻህን ስትሆን በአንድ አቅጣጫ ነው የምትሄደው፤ ስምንት ሰው በስምንት አቅጣጫ ሲበተን ግን አዲስ መሬት በስምንት በኩል ይጠየቃል። ስምንታችሁም አንድ ቦታ ብትቆሙ ላጉ ይቀንሳል፤ ሞክረህ አረጋግጥ።

መፍትሔው ቮክስልማኒፕ ነው። የቁራጩን ኖዶች በአንድ ጊዜ በ«ጌት ዴታ» ትወስዳለህ፣ በሠንጠረዡ ላይ ቁጥሮቹን ትለውጣለህ፣ በ«ሴት ዴታ» በአንድ ጊዜ ትመልሳለህ። የኖዱን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረውን «ጌት ኮንቴንት አይዲ»ን ከተግባሩ ውጪ አንድ ጊዜ ብቻ ጥራው፤ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ የሚጠሩት አሉ። ሠንጠረዡንም ከውጪ አንድ ፈጥረህ ለ«ጌት ዴታ» ስጠው፣ በየቁራጩ አዲስ ሠንጠረዥ እየተፈጠረ ራሙ እንዳይሞላ። ከፍታውን ደግሞ በእያንዳንዱ ኖድ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቋሚ ዓምድ አንድ ጊዜ አስላ፤ 512,000 ጊዜ የነበረው 6,400 ጊዜ ይሆናል። ይህ ብቻውን ትልቁ ልዩነት ነው።

ሰማዩንም አትርሳ። ሉዋንቲ ከተጫዋቹ በላይና በታች ያሉትንም ቁራጮች ይጠይቃል። ካርታህ ከዋይ −32 እስከ 47 ባለው አንድ ድርብ ውስጥ ካለቀ፣ ተግባሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ከዚያ ውጪ ያለውን አይቶ ይመለስ።

ጥቁሩ ጥላ ብርሃን ስላልተሰላ ነው። ከ«ሴት ዴታ» በኋላ «ካልክ ላይቲንግ»፣ ከዚያ «ራይት ቱ ማፕ»። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰው ሳይገባ ካርታውን ሠርቶ መጨረስ ነው። «ኢመርጅብሎክስ» የሚለውን የቻት ትእዛዝ ከሁለት ማዕዘን ጋር ስጠው። ከላይ ባለው ልክ መላው ጣና 35 በ28፣ ማለትም 980 ቁራጭ ነው፤ አንዱ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ የተሠራውን ያነባል እንጂ አይሠራም። ስክሪፕቱን ስትቀይር የተሠራው መሬት አብሮ እንደማይቀየር ግን እወቅ፤ ወይ በ«ዲሊትብሎክስ» አካባቢውን ታጠፋለህ፣ ወይ ሰርቨሩን አቁመህ ማፕ.ኤስኪውላይትን ታነሳለህ። ዓለሙን ስትፈጥር ደግሞ «ሲንግልኖድ» የሚለውን የካርታ ዓይነት ምረጥ፤ አለበለዚያ የጌሙ ተራራ በአንተ ሐይቅ ውስጥ ይበቅላል።

ከ5.9 ወዲህ «ሬጂስተር ማፕጄን ስክሪፕት» የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ የካርታውን ሥራ ከዋናው ክር ውጪ ያወጣዋል። ጥሩ ነው፣ ግን ከዋናው ሞድህ ጋር ሠንጠረዥ ስለማይጋራ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አስተካክል።

ጥያቄ፦ ሽምብጥ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ልጆቹ በየስልካቸው በዋይፋይ ገብተው አንድ ካርታ ላይ እንዲጫወቱ አድርጌ ነበር። አንዳንዱ ስልክ ይገባል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ የሰበሰቡት ነጥብ ይጠፋና ጭቅጭቅ ነው።
*ከሽምብጥ*

መልስ፦ በስልኮቹ እንጀምር። ዋይፋይዎ ኢንተርኔት ከሌለው ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ዋይፋዩን ትተው ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራሉ፤ ልጆቹ ዳታ ያጥፉ። ሁለተኛ፣ የራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይለያያል፤ በዋናው ዋይፋይ ያስገቧቸው ወይም መለያየቱን ያጥፉት። ሦስተኛ፣ ሉዋንቲ የሚጠቀመው በር 30000 ሲሆን በዩዲፒ ነው፤ ፋየርዎሉ ላይ ቲሲፒ ብቻ ከፍተው ከሆነ ማንም አይገባም። የኮምፒውተሩ አድራሻ በየቀኑ እንዳይቀየር ራውተሩ ላይ ቋሚ ያድርጉት። ከ15 ሰው በላይ የማይገባ ከሆነ ደግሞ «ማክስ ዩዘርስ» 15 ሆኖ ስለሚመጣ ነው፤ ቅንብር ፋይሉ ላይ ያሳድጉት።

አዲስ ስልክ ሲገባ ለረጅም ጊዜ «ሚዲያ» እያለ የሚቆየው ሥዕሎቹን ከእርስዎ ኮምፒውተር እየወሰደ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ያስቀመጠውን ይጠቀማል። የሥዕሎቹ መጠን 16 በ16 ከሆነ ይህ ችግር አይሰማዎትም።

ነጥቡ የሚጠፋው ስክሪፕቱ «ኦን ሻትዳውን» ላይ ብቻ ስለሚያስቀምጥ ይመስለናል። ያ የሚጠራው ሰርቨሩ በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ መብራት ሲሄድ ማን ይጠራዋል? የስክሪፕቱ ጸሐፊ ነጥቡን በተቀየረ ቁጥር ወደ «ሞድ ስቶሬጅ» እንዲጽፈው ይንገሩት፤ ሉዋንቲ ከዚያ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ራሱ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ ይሆናል። ዩፒኤስ ካለዎት ራውተሩንም አብረው ይሰኩበት፤ ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ቢጠፋ ልጆቹ ሁሉ ይወጣሉ። ባክአፕ ሲወስዱ ሰርቨሩን አቁመው የዓለሙን ፎልደር በሙሉ ይቅዱ፤ እየሠራ ሳለ ማፕ.ኤስኪውላይትን የቀዳ ሰው የተበላሸ ኮፒ ሊይዝ ይችላል፣ ያንን ደግሞ የሚያውቀው በክፉ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኳቸው መልእክቶች ሳጥን ሳጥን ሆነው ይታያሉ። ስሙ ከ10 ፊደል እንዳይበልጥ ያደረግኩት ገደብም «ባሕር ዳር»ን ረጅም ነው ይላል።
*ከዘጌ*

መልስ፦ ሳጥኑ የተጫዋቹ ማሽን ላይ ያለው ፎንት የእኛን ፊደል ስለማይዝ ነው። በተጫዋቹ ቅንብር «ፎልባክ ፎንት ፓዝ» በሚለው ላይ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት ያለበትን ቦታ ያስገቡ። የሉዋ ርዝመት ምልክት ደግሞ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «ጣና» 6 ይሆናል፣ «ባሕር ዳር» ከነክፍት ቦታው 16። ገደቡን በ3 ያባዙት። «ስትሪንግ.ሰብ» ሲቆርጡም የ3 ብዜት ላይ ካልቆረጡ መጨረሻ ላይ የተሰበረ ፊደል ይቀራል፤ ክፍት ቦታ ግን 1 ባይት ስለሆነ ድብልቅ ጽሑፍን እንዲህ መቁረጥ አያስተማምንም፣ ባይቱ ከ128 እስከ 191 ከሆነ የፊደል መካከል ነው ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ ትንሽ ተግባር ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በደንገል ታንኳ ከባሕር ዳር ክብራን የሚደረግ ውድድር እየሠራሁ ነው። ታንኳዎቹ አንዳንዴ በምልክቱ ውስጥ አልፈው አይቆጠርላቸውም። አንድ ሰው መሃል ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰርቨሩ በሙሉ ይወድቃል።
*ከግሽ ዓባይ ሰፈር*

መልስ፦ የመጀመሪያው የስሌት ጉዳይ ነው። በየስንት ሰከንዱ እንደምታይ አልጻፍክም፤ በየሰከንዱ ከሆነ፣ በሰከንድ 6 ኖድ የሚሄድ ታንኳ 4 ኖድ ስፋት ያለውን ምልክት ሳይታይ ይዘለዋል። በሁለት ፍተሻ መካከል የሚሄደው ርቀት ከምልክቱ ስፋት ግማሽ በታች ይሁን፤ በ0.3 ሰከንድ ብታይ 1.8 ኖድ ነው፣ ይበቃል። «ግሎባልስቴፕ» ራሱ በየ0.09 ሰከንዱ ገደማ ይጠራል፤ የሚሰጥህን «ዲታይም» (ካለፈው ጥሪ ወዲህ የሄደውን ጊዜ) እየደመርክ 0.3 ሲሞላ ብቻ ሥራ፣ ከዚያ ወደ 0 መልሰው። ርቀቱን ስትለካ ዋይን ተወው፤ ታንኳው ሲዋኝ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው የተለመደ ነው። «አፍተር» ውስጥ የተጫዋቹን ኦብጀክት ይዘህ ከ5 ሰከንድ በኋላ ትጠቀምበታለህ፤ በመካከል ሰውየው ከወጣ ኦብጀክቱ ሞቷል፣ ቦታውን ስትጠይቀው ኒል (ባዶ) ይመልሳል፣ ኒሉ ላይ ስታሰላ ሰርቨሩ ይወድቃል። ስሙን ብቻ ያዝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ «ጌት ፕሌየር ባይ ኔም» ብለህ ፈልገው፣ ካልተገኘ ተመለስ። «ኦን ሊቭፕሌየር» ላይ ደግሞ ስሙን ከተወዳዳሪዎች ሠንጠረዥ አውጣው፤ አለበለዚያ የወጣውን ልጅ እየጠበቀ ውድድሩ አያልቅም።

እግረ መንገዳችንን፦ «ጀምር» የሚለውን ቁልፍ በፎርምስፔክ (በሉዋንቲ የመስኮትና የቁልፍ መሥሪያ) ከሠራኸው፣ ቁልፉን ያላሳየኸው ሰውም በተቀየረ ክላይንት ልኮ ሊጀምረው ይችላል። ማን እንደላከው ሰርቨሩ ላይ፣ በፈቃድ ዝርዝሩ፣ ፈትሽ።